ዲስኩ ለምን አልጻፍም አለ? በሊነክስ ኮምፒውተር ላይ የተራ ተጠቃሚን ፈቃድ በአግባቡ ስለ መክፈት

የዛሬውን ትምህርት በምሳሌ እንጀምር። አንዲት እህት የሟች አባቷን ድምፅ ከአሮጌ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር አስገልብጣለች እንበል። ካሴቶቹ አርጅተው ክራቸው ተበጣጥሷል፤ አሁን ያለው ቅጂ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ይህች እህት ለወንድሞቿና ለእህቶቿ አንዳንድ ዲስክ ልታደርስ አስባ ባዶ ዲስኮች ገዛች። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በሊነክስ ሲሆን፣ የእርሷ የተጠቃሚ ስም ኮምፒውተሩ ከተጫነ በኋላ ዘግይቶ የተከፈተ ነው። ዲስኩን አስገብታ መጻፊያውን ፕሮግራም ስትከፍት «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል መልእክት ብቅ አለ።

የጎረቤት ልጅ ተጠራ። ልጁም፦ «እትዬ፣ ይህማ ቀላል ነው፤ በሩት ገብቼ ልጻፈው» አለ። ሩት በሊነክስ ዘንድ የሁሉ የበላይ የሆነው ተጠቃሚ ነው። ልጁ በሩት ሥልጣን አዲስ ፎልደር ከፈተ፤ ድምፆቹን ወደዚያ ገለበጠ፤ ዲስኩንም ጻፈ። የቀሩትን ፋይሎችም ቦታ እንዳያጣብቡ ብሎ አጠፋቸው። ሁሉም ደስ አለው።

ነገር ግን ሦስት ነገሮች ተከተሉ። አንደኛ፣ አሮጌ የሊነክስ ኮምፒውተር ያለው ወንድሟ የፋይሎቹን ስም እያየ አንዱንም መክፈት አልቻለም። ሁለተኛ፣ እርሷ በማግሥቱ አንድ የተረሳ ድምፅ ልትጨምር ስትል የገዛ ቤቷ ፎልደር እንቢ አላት። ሦስተኛ፣ ሁለተኛውን ዲስክ ልትጽፍ ስትነሣ የመጀመሪያው ክልከላ እንደ ነበረ ቆሞ ጠበቃት። ዲስኩ ተጻፈ እንጂ ችግሩ አልተፈታም።

ከዚህ ምሳሌ የምንይዘው መሠረታዊ ነጥብ አንድ ነው። የፈቃድ ችግር የሚፈታው ሥልጣንን በመጨመር ሳይሆን፣ የተዘጋው በር የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ያንን በር ብቻ ለሚገባው ሰው በመክፈት ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ የዚህ ነጥብ ማብራሪያ ነው።

ስለ ትእዛዞቹ አጻጻፍ

በዚህ ጽሑፍ የኮምፒውተር ትእዛዞችን በራሳችን ፊደል በድምፃቸው ጽፈናቸዋል። አንባቢ በተርሚናል ላይ ሲጽፋቸው በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይተይባቸው፤ ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ሲኖር እናመለክታለን። ሰረዝና የተጋደመ መስመር እንዳሉ ይወሰዳሉ።

ፈቃድ በሊነክስ ምን ማለት ነው?

በሊነክስ ሥርዓት መሣሪያዎችም እንደ ፋይል ይቆጠራሉ። በተለምዶ ዲቪዲ ራይተር የምንለው መሣሪያ «ዴቭ» በተባለው ፎልደር ውስጥ ስም አለው፤ የመጀመሪያው መሣሪያ ስሙ «/ዴቭ/ኤስአር0» ነው። በዩኤስቢ ሌላ ራይተር ቢጨመር «/ዴቭ/ኤስአር1» ይባላል። ዲስክ መጻፍ፣ ማለትም በተለምዶ «በርን ማድረግ» የምንለው ሥራ፣ የሚፈጸመው በዚህ ስም በኩል ነው።

እያንዳንዱ ፋይል ሦስት ዓይነት ሰዎችን ይለያል፦ ባለቤቱን፣ ባለቤት የሆነውን ቡድንና የቀሩትን ሰዎች ሁሉ። ለእያንዳንዳቸውም ማንበብ፣ መጻፍና ማስኬድ የሚባሉ ፈቃዶች ለየብቻ ይሰጣሉ ወይም ይነሣሉ። የቤት ቁልፍ ያለው ባለቤት፣ መግባት የተፈቀደላቸው ቤተሰቦችና በበሩ የሚያልፍ መንገደኛ እንደሚለያዩ ያለ ነው።

ዲስክ ለመጻፍ ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ መሣሪያውን የማንበብም የመጻፍም ፈቃድ ያስፈልጋል። ዲስክ አጫውቶ የሚያዳምጥ ሰው መጻፍ ሲፈልግ የሚከለከልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ክልከላው ለምን መጣ?

አንዳንድ ሰው «የገዛ ኮምፒውተሬ ለምን ይከለክለኛል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በታሪክ ውስጥ አለ። ዲስክ የሚጽፉ ፕሮግራሞች ለመሣሪያው ቀጥተኛ ትእዛዝ ይልካሉ። ከእነዚህ ትእዛዞች መካከል ዲስኩን የሚጽፉ አሉ፤ የመሣሪያውን ውስጣዊ ፕሮግራም የሚለውጡና መሣሪያውን ከጥቅም ውጭ ሊያደርጉ የሚችሉም አሉ። በነሐሴ 2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የሊነክስ ከርነል 2.6.8 በእነዚህ ትእዛዞች ላይ ማጣሪያ አደረገ። ከዚያ በፊት በተራ ተጠቃሚነት ዲስክ ይጽፉ የነበሩ ብዙ ሰዎች ከርነሉን ባሳደሱ ማግሥት ተከለከሉ። ዛሬም ከርነሉ ትእዛዞቹን ይለያል፤ ለማንበብ ብቻ የከፈተ ሰው የንባብ ትእዛዞችን፣ ለመጻፍ የከፈተም የታወቁትን የጽሕፈት ትእዛዞች ይልካል። ከዚያ ያለፈው ልዩ ሥልጣን ላለው ፕሮግራም የተተወ ነው።

ስለዚህ ክልከላው ጠላት አይደለም፤ ዘበኛ ነው። ዘበኛን ማባረር ሳይሆን ስማችንን በመዝገቡ ላይ ማስጻፍ ይሻላል።

አንደኛ እርምጃ፦ መልእክቱን በጥሞና ማንበብ

ሁሉም እንቢታ የፈቃድ እንቢታ አይደለም። ፕሮግራሙ የሚያወጣውን የእንግሊዝኛ መልእክት ቃል በቃል በወረቀት ይጻፉት፤ ከዚያም ከሚከተሉት ጋር ያነጻጽሩ።

«ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ የመሣሪያው ወይም የአንድ ፋይል በር ለእርስዎ ዝግ ነው፤ የዚህ ትምህርት ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

«ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ካለ ብዙውን ጊዜ በሩ ተከፍቶ ሳለ የተላከው ትእዛዝ ከፍ ያለ ሥልጣን የሚጠይቅ ሆኖ ተገኝቷል።

«ዲቫይስ ኦር ሪሶርስ ቢዚ» ካለ መሣሪያው በሌላ ፕሮግራም ተይዟል፤ ፈቃድ ቢጨመር አይረዳም።

«ኖ ሚዲየም ፋውንድ» ካለ ዲስክ አልገባም ወይም መሣሪያው ዲስኩን አላወቀውም።

«ኖ ሳች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» ካለ የተጻፈው የመሣሪያ ስም የለም፤ ምናልባት ኤስአር1 የሆነውን ኤስአር0 ብለው ይሆናል።

«ሪድ ኦንሊ ፋይል ሲስተም» ካለ ደግሞ ተጽፎ ባለቀ ዲስክ ላይ እንደ ፍላሽ ፋይል ለመለጠፍ ተሞክሯል። እንዲህ ያለው የተለመደ የዳታ ዲስክ ፋይል ተጎትቶ አይጨመርበትም፤ ሩት መሆንም አይለውጠውም። በመጻፊያ ፕሮግራም ብቻ ይጻፋል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ በሩን መመልከት

መልእክቱ የፈቃድ መሆኑ ከታወቀ ተርሚናል ከፍተው ይህን ይጻፉ፦ «ኤልኤስ -ኤል /ዴቭ/ኤስአር0»። አንድ መስመር ይወጣል። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ «ቢ» የሚል ፊደል አለ፤ ይህ መሣሪያ መሆኑን ያሳያል። ከዚያ ዘጠኝ ምልክቶች በሦስት በሦስት ይከተላሉ፦ የፊተኞቹ ሦስቱ የባለቤቱ፣ መካከለኞቹ የቡድኑ፣ የኋለኞቹ የሌላው ሰው ሁሉ ናቸው። «አር» ማንበብ ነው፤ «ደብሊው» መጻፍ ነው፤ ሰረዝ ማለት ፈቃዱ የለም ማለት ነው። ቀጥሎ የባለቤቱ ስም «ሩት» እና የቡድኑ ስም ይጻፋል። በዴቢያን፣ በኡቡንቱና በፌዶራ የቡድኑ ስም «ሲዲሮም» ነው፤ በአርች ሊነክስ «ኦፕቲካል» ይባላል። ባለቤቱና ቡድኑ ማንበብና መጻፍ ተፈቅዶላቸው የቀረው ሰው ሦስት ሰረዝ ብቻ ካለው፣ በሩ በትክክል ተሠርቷል ማለት ነው፤ የሚቀረው እርስዎ ከቡድኑ መሆን አለመሆንዎን ማወቅ ነው።

ይህንንም «አይዲ» በሚለው ትእዛዝ ይመለከታሉ። የእርስዎ ስምና አባል የሆኑባቸው ቡድኖች ሁሉ ይዘረዘራሉ። «ሲዲሮም» ከዝርዝሩ ከሌለ ምክንያቱ ተገኘ። ኮምፒውተሩ ሲጫን የተከፈተው የመጀመሪያው ተጠቃሚ ብዙውን ጊዜ ከቡድኑ ይገባል፤ በኋላ የሚከፈቱት ግን በራሳቸው አይገቡም። የእኅታችን ነገር እንዲህ ነበር።

«ኤክስኦሪሶ» የተባለው ፕሮግራም ከተጫነ «ኤክስኦሪሶ -ዲቫይስስ» የሚለው ትእዛዝ እርስዎ ልትጠቀሙባቸው የምትችሉትን መጻፊያዎች ከነፈቃዳቸው ይዘረዝራል። ተራ ተጠቃሚ ሆነው ሲጽፉት ራይተሩ ከታየ በሩ ክፍት ነው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ በቡድን መግባት

የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ አንድ ጊዜ ብቻ ይህን ይጽፋል፦ «ሱዱ ዩዘርሞድ -ኤጂ ሲዲሮም»፤ ከዚያ ክፍት ቦታ ትቶ የተጠቃሚውን ስም። እዚህ ላይ «ኤ» ትንሽ፣ «ጂ» ግን ትልቅ ፊደል ነው። አርች ሊነክስ ያለው በሲዲሮም ፈንታ «ኦፕቲካል» ይላል።

ጥንቃቄ! «ኤ» የሚለው ፊደል ጨምር ማለት ነው። እርሱ ተረስቶ «-ጂ» ብቻ ቢጻፍ ተጠቃሚው ሲዲሮም ውስጥ ገብቶ ከሌሎች ተጨማሪ ቡድኖቹ ሁሉ ይወጣል። ከእነዚህ መካከል የአስተዳዳሪነት ቡድን ካለበት፣ የቤቱ ብቸኛ አስተዳዳሪ በገዛ እጁ ከአስተዳዳሪነት ወረደ ማለት ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ «ሱዱ አድዩዘር» ብሎ የተጠቃሚውን ስም፣ ከዚያም «ሲዲሮም» የሚል ቃል ማስከተል ይቻላል፤ ይህኛው ነባር ቡድኖችን ስለማይነካ ለጀማሪ የተሻለ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። የቡድን አባልነት የሚነበበው ሰው ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ነው። ስለዚህ ከተጨመሩ በኋላ ሙሉ በሙሉ ሎግ አውት አድርገው እንደገና ካልገቡ ለውጡ አይታይም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ለጀማሪ የተረጋገጠው መንገድ ነው። ከገቡ በኋላ «አይዲ» ብለው ያረጋግጡ።

የመደመር ምልክት ትርጉም

አንዳንዴ በኤልኤስ መስመር ላይ ከዘጠኙ ምልክቶች ቀጥሎ የመደመር ምልክት ይታያል። ይህ ተጨማሪ የፈቃድ ዝርዝር አለ ማለት ነው። ዛሬ ብዙዎቹ የሊነክስ ስርጭቶች በኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የገባውን ተጠቃሚ ለይተው፣ የቡድን አባል ባይሆንም እንኳ ለዚያ ሰዓት የራይተሩን ፈቃድ ይሰጡታል። ዝርዝሩን «ጌትኤፍኤሲኤል /ዴቭ/ኤስአር0» በሚለው ትእዛዝ ማየት ይቻላል።

ይህ ፈቃድ የሚቆየው ተጠቃሚው በማያ ገጹ ፊት ንቁ ሆኖ እስካለ ድረስ ነው። ከሌላ ክፍል በኔትወርክ የገባ ሰው አያገኘውም፤ ሌላ ተጠቃሚ ገብቶ ማያ ገጹን ሲረከብም ፈቃዱ ወደ ተረከበው ይዞራል። ስለዚህ «ትናንት ጽፎ ነበር፤ ዛሬ ግን እንቢ አለ» የሚል ሰው የገባበትን ሁኔታ ያስታውስ። ሁልጊዜ መጻፍ ለሚያስፈልገው ሰው የቡድን አባልነት ጽኑ ነው።

ሁለተኛው በር

አንዱ ራይተር ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። ከኤስአር ሌላ «/ዴቭ/ኤስጂ» የሚል ከቁጥር ጋር የሚጻፍ ስም አለ። ዮርግ ሺሊንግ የጻፈው «ሲዲሬኮርድ» የተባለው የታወቀ ፕሮግራም በዚህ በሁለተኛው ስም በኩል ይሠራል። የኤስአር ፈቃድ ትክክል ሆኖ ሳለ ሲዲሬኮርድ ብቻ ከተከለከለ፣ የኤስጂውን መስመር በኤልኤስ ይመልከቱ፤ ቡድኑ እንደ መጀመሪያው ሲዲሮም መሆን አለበት። «ኬ3ቢ» እና «ብራሴሮ» የተባሉት ባለ መስኮት ፕሮግራሞች ብቻቸውን አይጽፉም፤ ከኋላቸው እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ወይም ቤተ መጻሕፍትን ይጠራሉ። ስለዚህ እንቢ ያለው የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ የሥራ መዝገባቸውን ከፍቶ ማንበብ ይጠቅማል።

ከፈቃድ ውጭ ያሉ እንቅፋቶች

መሣሪያው ተይዞ ከሆነ «ኤፍዩዘር -ቪ /ዴቭ/ኤስአር0» የያዘውን ፕሮግራም ያሳያል። ዲስኩ በራሱ ተከፍቶ ፋይሎቹ ታይተው ከሆነ፣ ከፋይል ማሳያው ላይ ማለያየት ወይም «ዩማውንት /ዴቭ/ኤስአር0» ማለት ይበቃል። በዚህ ትእዛዝ ከ«ዩ» ቀጥሎ ወዲያው «ኤም» ይጻፋል፤ በመካከል «ኤን» የለም።

«ግሮውአይሶኤፍኤስ» የተባለው የዲቪዲ መጻፊያ 33554432 የሚል ቁጥር ጠቅሶ ማኅደረ ትውስታ አላገኘሁም ሊል ይችላል። ቁጥሩ 32 ሜጋባይት ማለት ነው። ፕሮግራሙ ይህን ያህል ቦታ ለራሱ ሊቆልፍ ይፈልጋል፤ ለተራ ተጠቃሚ የተወሰነው ልክ ግን ከዚያ ያንሳል። ልኩን «ዩሊሚት -ኤል» ያሳያል። አስተዳዳሪው «/ኢቲሲ/ሴኩሪቲ/ሊሚትስ.ኮንፍ» በተባለው ፋይል ውስጥ «@ሲዲሮም - ሜምሎክ 65536» የሚል መስመር ጨምሮ፣ ተጠቃሚው ወጥቶ ሲገባ ልኩ ወደ 64 ሜጋባይት ከፍ ይላል። ሲዲሬኮርድ ስለ ማኅደረ ትውስታ መቆለፍና ስለ ቅድሚያ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ ግን ብዙውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ የዛሬ ራይተሮች ዳታ ቢዘገይም ዲስኩ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ዘዴ አላቸው።

ፕሮግራሙ «ስናፕ» ወይም «ፍላትፓክ» ከተባሉት ዝግ ሳጥኖች በአንዱ የተጫነ ከሆነ፣ ተጠቃሚው ፈቃድ ኖሮት ሳጥኑ ራይተሩን ላያሳየው ይችላል። ይህን ለመለየት ያንኑ ሥራ ከስርጭቱ በተለመደው መንገድ በተጫነ ፕሮግራም መሞከር ነው።

የሚያታልሉ አቋራጮች

አንደኛው አቋራጭ «ቸሞድ 777» ብሎ የመሣሪያውን በር ለሁሉ መክፈት ነው። ይህ ለጊዜው ይሠራል፤ ነገር ግን በዴቭ ፎልደር ያሉ ስሞች ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራሉ። በማግሥቱ ፈቃዱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሰውየውም «ሊነክስ የማይታመን ነው» ይላል። እስኪመለስ ድረስም ማንኛውም ፕሮግራም ወደ ራይተሩ እንዲጽፍ ተፈቅዶለት ይቆያል።

ሁለተኛው አቋራጭ መጻፊያውን ሁልጊዜ በሱዱ ማስነሣት ነው። በዚህ መንገድ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ የሩት ንብረት ይሆናል። ከዚህም የከፋ አለ። ዲስክን ወደ ምስል ፋይል ለመገልበጥ «ዲዲ» የሚባል ትእዛዝ ይሠራበታል። ተራ ተጠቃሚ ሆኖ የመድረሻውን ስም ተሳስቶ «/ዴቭ/ኤስዲኤ» ቢል፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ የኮምፒውተሩ ዋና ሃርድ ዲስክ ነው፣ ኮምፒውተሩ «ፈቃድ ተከልክሏል» ብሎ ያድነዋል። ሩት ሆኖ ቢሳሳት ግን ማንም አይጠይቀውም፤ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ፣ ድምፅና ሰነድ ሁሉ ይደመሰሳል። የአባቱን ድምፅ ሊያተርፍ የተነሣ ሰው በአንድ ፊደል ያጣዋል።

ሦስተኛው አቋራጭ ፕሮግራሙ ራሱ ማንም ቢያስነሣው በሩት ሥልጣን እንዲሠራ ማድረግ ነው። አንዳንድ የቆዩ መመሪያዎች ይህን ይመክራሉ። ስርጭቱ ራሱ አጥንቶ ያላደረገውን እኛ በቤታችን ባናደርገው ይመረጣል።

የተጻፈው ዲስክ ለሌላው እንዲከፈት

አሁን ወደ ወንድሟ እንመለስ። በሊነክስ የሚሠራ የዲስክ ምስል የፋይሎችን ባለቤትና ፈቃድ አብሮ ሊመዘግብ ይችላል፤ ይህ «ሮክ ሪጅ» ይባላል። «ጄንአይሶኢሜጅ» እና «ኤምኬአይሶኤፍኤስ» በተባሉት ፕሮግራሞች በትልቅ ፊደል «-አር» ሲባል ባለቤቱና ፈቃዱ እንዳለ ይመዘገባል። የአባትየው ድምፆች ከባለቤታቸው በቀር ማንም እንዳያነባቸው ሆነው የተቀመጡ ነበሩ። ልጁ በሩት ሲገለብጣቸው ባለቤታቸው ሩት ሆነ፤ በትልቁ «-አር» ሲጽፋቸውም ክልከላው ከድምፁ ጋር ዲስኩ ላይ ተቀረጸ። ዊንዶውስ ይህን መዝገብ ስለማይከተል፣ ሊነክስም ቢሆን ብዙው የዛሬ ዴስክቶፕ ዲስኩን በገባው ተጠቃሚ ስም ስለሚያገናኘው፣ ስሕተቱ ለብዙዎች አይታይም። የወንድሟ አሮጌ ኮምፒውተር ግን መዝገቡን በታማኝነት ተከተለ።

መፍትሔው በትንሽ ፊደል «-አር» ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ፋይሎቹ ሁሉ ለሁሉም ሰው የሚነበቡ፣ በማንም የማይጻፉ ሆነው ይመዘገባሉ። ለሌላ ሰው የሚሰጥ ዲስክ ሁልጊዜ በትንሹ «-አር» ይሠራ።

የእኅታችን ነገር እንዴት ተቃና?

አስተዳዳሪ የሆነው ልጇ ሦስት ነገር አደረገ። በመጀመሪያ በሩት የተያዘውን ፎልደር «ሱዱ ቾውን -አር» ብሎ የእናቱን ስምና የፎልደሩን ስም በማስከተል ለባለቤቷ መለሰ፤ እዚህ ላይ «አር» ትልቅ ፊደል ነው። ፎልደሩን በስም ሳይጠራ ይህን ትእዛዝ በሰፊው መስጠት ሥርዓቱን ሊያናጋ ስለሚችል ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀጥሎም እናቱን በሲዲሮም ቡድን አስገባ። በመጨረሻም ወጥታ እንድትገባ አደረገ። ከዚያ በኋላ እርሷ ራሷ፣ ሱዱም ሩትም ሳትል፣ የቀሩትን ዲስኮች ጻፈች።

ዲስክ ከማባከን በፊት መሞከርም ተገቢ ነው። በሲዲአርና በሰረዝ ዲቪዲ፣ ማለትም ዲቪዲ-አር በሚባለው፣ ብዙ መጻፊያዎች ጨረሩን ሳያበሩ የማስመሰል ሙከራ ያደርጋሉ፤ የመደመር ምልክት ባለው ዲቪዲ+አር ግን ይህ ሙከራ የለም። የሚደመሰስ ዲስክ ያለው በእርሱ ይሞክር። ከተጻፈ በኋላም ዲስኩን አውጥተው መልሰው ያስገቡ፤ ፋይሎቹን እየከፈቱ ያዳምጡ፤ ከተቻለ በሌላ ኮምፒውተር በሌላ ሰው ስም ያስከፍቱ። ዋናውን ቅጂ ይህ ሁሉ ሳይረጋገጥ አያጥፉ። የጎረቤቱ ልጅ ትልቁ ስሕተት ይህ ነበር፤ በሩት የተቆለፈውን ቅጂ ብቻ አስቀርቶ የቀረውን አጠፋ።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፤ ፈቃድ በኮምፒውተር ውስጥም አማና ነው። ለሚገባው፣ በሚገባው መጠን ይሰጣል። ሲከለከሉ በቅድሚያ መልእክቱን ያንብቡ፤ ቀጥሎ በሩን ይመልከቱ፤ ከዚያ ስምዎን ከቡድኑ ያስገቡና ወጥተው ይግቡ። የሩት ሥልጣን በር ለማስተካከል አንድ ጊዜ ይጠቅማል፤ በየቀኑ የሚገቡበት በር ግን አይደለም።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. ዲስክ የሚያጫውት ሰው መጻፍ ሊከለከል የሚችለው ለምንድን ነው?
መልስ፦ ለመጻፍ ከማንበብ ሌላ የመጻፍ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ነው።

2. ወደ ሲዲሮም ቡድን የገባ ሰው አሁንም ከተከለከለ መጀመሪያ ምን ያድርግ?
መልስ፦ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ይግባ፤ ከዚያ በ«አይዲ» ያረጋግጥ።

3. በ«ዩዘርሞድ» ትእዛዝ ውስጥ «ኤ» ቢረሳ ምን ይከተላል?
መልስ፦ ተጠቃሚው ከሌሎች ተጨማሪ ቡድኖቹ ይወጣል።

4. የመሣሪያው ፈቃድ በ«ቸሞድ» ቢከፈት በማግሥቱ ለምን ይዘጋል?
መልስ፦ የመሣሪያ ስሞች ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር እንደ አዲስ ስለሚሠሩ ነው።

5. ለሌላ ሰው የሚሰጥ ዲስክ በትልቁ ነው ወይስ በትንሹ «-አር» የሚሠራው?
መልስ፦ በትንሹ፤ ፋይሎቹ ለሁሉም የሚነበቡ እንዲሆኑ።